የመጽሐፉ ባል እና የቤቴ ባል

“ይህ ሰውዬ እኔ የሌለኝ ምን አለው?”

ባለቤቴ ይህን የጠየቀኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ምሽት ነው። ዲላ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ አነባለሁ። እርሱ በይርጋጨፌ በኩል ከሚሠራበት የቡና መፈልፈያ ገና መግባቱ ነው። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ ልብሱ የቡና ገለፈት ይሸታል። እኔ ግን መግባቱንም ልብ አላልኩም። ዓይኔ እንባ አቅርሮ አንድ ገጽ ላይ ተተክሏል። ራቱን ራሱ አቅርቦ በላና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። መጽሐፉን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ፤ ሽፋኑን አገላብጦ አየውና ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ።

ወገኖቼ፣ አነጋገሩ የቀልድ ይመስላል፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

መጽሐፉ

የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። መጽሐፉን ያዋሰችኝ አብራኝ በመዘምራን ኅብረት የምታገለግል እህት ናት። ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ የጻፈችው “ላቭ ካምስ ሶፍትሊ” የተባለ ልብ ወለድ ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር “ፍቅር ቀስ ብሎ ይመጣል” ብንለው ያስኬዳል። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከእርሱ በኋላ ታሪኩን የሚቀጥሉ ሌሎች መጻሕፍት ወጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ፊልም ተሠርቶበታል።

ታሪኩ አሜሪካውያን ሰፋሪዎች በሠረገላ ወደ ምዕራብ በሚጓዙበት ዘመን የሆነ ነው። ማርቲ የተባለች ወጣት ሴት በጉዞ ላይ ሳለች ባሏ በድንገት ይሞትባታል። በተቀበረበት ዕለት ክላርክ ዴቪስ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ መጥቶ የስም ጋብቻ ይጠይቃታል። የሚፈልገው ትንሿን ልጁን ሚሲን የምታሳድግለት እናት ነው። ጸደይ ሲመጣ ወደ አገሯ መመለስ ከፈለገች የመንገዷን ወጪ እንደሚችል ቃል ይገባላታል። ማርቲ ትቆጣለች፤ ነገር ግን ክረምቱ ደርሷል፣ መጠለያ የላትም፣ የሟች ባሏንም ልጅ ፀንሳለች። ስለዚህ እሺ ትላለች። ክላርክ ቤቱን ለእርሷና ለልጁ ትቶ ከጎን ባለች ጠባብ ማደሪያ ያድራል። አያስገድዳትም፤ ይጠብቃታል።

እንዲህ ያሉ የጥንት ዘመን የፍቅር ታሪኮች በውጭው ዓለም ክርስቲያን እህቶች ዘንድ እጅግ ይነበባሉ። ብዙዎቹ ባለታሪኮች ልበ ሙሉ ሴቶች ናቸው፤ እልኸኞች፣ የተሰማቸውን የሚናገሩ፣ ወድቀው የሚነሡ። ፍራንሲን ሪቨርስ የተባለችው ደራሲ ጌታን ከማግኘቷ በፊት ዓለማዊ የፍቅር ልብ ወለዶችን ትጽፍ ነበር። ካመነች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመችው “ሪዲሚንግ ላቭ” የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወደ ካሊፎርኒያ የወርቅ ቁፋሮ ዘመን ያመጣ ነው። በልጅነቷ ለዝሙት ስለተሸጠች ሴት ስለሚናገር ለታዳጊዎች የሚሰጥ አይደለም። በ1993 ባወጣችው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ሐዳሳ የምትባል፣ ከኢየሩሳሌም ጥፋት ተርፋ በሮም ባሪያ የሆነች አማኝ ልጅ አለች። የሐዳሳ ድፍረት ጩኸት የለውም፤ ድፍረት መሆኑን ግን ማንም አይስተውም።

እኛስ ልበ ሙሉ ሴት በመጽሐፍ ሳናውቅ ቀርተን ነው? በ1958 ዓ.ም. በታተመው “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። ነገር ግን ርእሱ እንደሚለው መንገዱ የሚያልቀው መቃብር ላይ ነው። የእነ ማርቲ ታሪክ የሚጀምረው ከመቃብር ነው፤ የሚያልቀው ግን ጎጆ ውስጥ ነው። ያን ሰሞን ልቤን የወሰደው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ያልተጠየቀ ጥያቄ

ምክንያቱም እኛም ቤት መቃብር ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም፣ በአምስተኛው ወር ፅንሱ ወረደብኝ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች አልተለዩኝም፤ አጥሚት አፍልተው፣ አልቅሰው፣ ጸልየው ሄዱ። ባለቤቴ ግን ምንም አላለም። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ቀላ፣ ሥራው ተጀመረ። ገበሬው እሸት ቡናውን ከሰዓት በኋላ ስለሚያመጣ መፈልፈሉ ሌሊት ነው። ባለቤቴም ሌሊቱን እዚያ ማሳለፍ ጀመረ። ወደ ቤት ሲመጣ “ደህና ነሽ?” ይለኛል፤ “ይመስገን” እለዋለሁ። ጨዋታችን እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔም ወደ ክላርክ ሄድኩ። እህቶቼ፣ አትሳቁብኝ። ክላርክ የሰው ኀዘን ይገባዋል፤ ቃሉ በሰዓቱ ይመጣል። የእኔ ሰው ግን ጫማውን አውልቆ ይተኛል። ሳላስበው በልቤ ሚዛን ሰቅዬ ሁለቱን ሰዎች በየቀኑ እመዝን ነበር፤ በየቀኑም የሚቀልለው ባለቤቴ ነበር።

ስለዚህ ያን ምሽት “ይህ ሰውዬ እኔ የሌለኝ ምን አለው?” ሲለኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር።

“ይጠይቃታል” አልኩት።

አልመለሰልኝም። ሻማውን እፍ ብሎ ተኛ።

በማግሥቱ መጽሐፉ ከቤት ጠፋ። ተናዶ የጣለው መሰለኝ። የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላቴም አብሮ ጠፍቶ ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። በመጽሐፉ መጨረሻ ገጾች መካከል የእሸት ቡና መግዣ ደረሰኝ ለምልክት ገብቷል። መፈልፈያው እየዞረ፣ እርሱ በመብራቱ ሥር ተቀምጦ አንዳንዱን ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለገ አንብቦ ጨርሶታል።

“ሰውዬው ደህና ሰው ነው” አለኝ። “ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጨረሻ ላይ መሄድ እንደማትፈልግ የተናገረችው ማን ናት? እርሷ ራሷ አይደለችም እንዴ? አንቺ ለእኔ ምን ነገርሽኝ?”

ዝም አልኩ። እርሱ ግን ቀጠለ።

“ልጁን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ወንድ ነበር። እናቴ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነው ያለው። የት እንዳለ አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።”

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ባለቤቴን “አይጠይቅም” ብዬ በልቤ የከሰስኩት እኔ ነበርኩ። እርሱም ሲጠብቅ የከረመው እኔ እስክጠይቀው ነበር። ክላርክን ፈልጌ ነበር፤ ማርቲን መሆን ግን አልፈለግሁም። የእርሷን ባል ተመኘሁ፤ አፏንና ድፍረቷን ግን ለእርሷው ተውኩላት።

ያን ጠዋት እርሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም ሥራ አረፈድን።

የወናጎዋ ባለታሪክ

በዚያው ቅዳሜ አብረን ወደ እናቱ ቤት ሄድን። መንደሩ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ፣ ወናጎ በኩል ነው። የጌዴኦን ምድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና። ይህ የአባቶቻችን እርሻ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልጃችን ያለው በዚያ ጥላ ሥር ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን። ብዙም አልጸለይንም፤ ስሙን አወጣንለት።

አማቴ ጓሮ እንሰት ይፍቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ማገዝ ጀመርኩ። ስላነበብኩት መጽሐፍ ነገርኳቸው፤ ሳያውቋት ስላገባችው ሴትና ፍቅሩ ቀስ ብሎ ስለመጣላት። ፈገግ አሉ።

“ይህማ የኔ ታሪክ ነው፤ ማን ነገራቸው?” አሉኝ። “ሽማግሌ መጣ፣ አባቴ እሺ አለ፣ እኔም ሄድኩ። ሰውዬውን አላውቀውም ነበር። ፍቅር ቤታችን የገባው ከሦስተኛው ልጅ በኋላ ነው።”

“እንዴት ገባ?” አልኳቸው።

በደርግ ዘመን በየቦታው አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ባለቤታቸው በእምነቱ ምክንያት መታሰሩን ነገሩኝ። ቤቱን ሊፈትሹ ሲመጡ አማቴ መጽሐፍ ቅዱሱን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ፈታሾቹ ጉድጓዱን ሲያዩ፣ “ቆፍሩት፤ ሽታውን ግን ራሳችሁ ትችሉታላችሁ” አሏቸው። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሄዱ። ባለቤታቸው ተፈትቶ ሲመጣ መጽሐፉን አውጥተው ሰጡት። “ያን ዕለት አየኝ” አሉኝ። “ከዚያ በፊት ምግብ አብሳዩ ነበርኩ። ያን ዕለት ግን አየኝ፤ እኔም አየሁት።”

ከዚያም ፍቂያቸውን ሳያቋርጡ፣ “እኔም ሁለት እዚሁ ቀብሬአለሁ። የአንቺው ብቻውን አይደለም” አሉኝ።

አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን የተባሉት የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1948 መጨረሻ ወንጌልን ይዘው ወደ ዲላ እንደመጡ በመጽሐፍ ተጽፏል። የእነዚህ እናቶች ታሪክ ግን በአብዛኛው ያለው በጓሮ ነው። የማርቲን ገድል ከአሜሪካ አስመጥቼ ያነበብኩ እኔ፣ ባለታሪኳ በየበዓሉ ቡና እያፈላችልኝ አላየኋትም ነበር።

ለምታነቡ እህቶች፣ ለባሎቻችሁም

ልብ ወለድ አታንብቡ አልልም። እኔም እያነበብኩ ነው። ነገር ግን ከጉዳቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የመጽሐፉን ባል የጻፈችው ሴት ናት። የሚናገረውን ቃል ሁሉ አስባ፣ ሰርዛ፣ ደልዛ አዘጋጅታለታለች። የእኛ ባሎች ግን ደክሟቸው፣ ርቧቸው፣ ቃሉ ጠፍቶባቸው ይመጣሉ። ሕያውን ሰው ከተጻፈ ሰው ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከባለታሪኳ ባል ይልቅ ባለታሪኳን እንያት፤ ከእርሷ የምንማረው አለ።

ሁለተኛ፣ ልበ ሙሉነት ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ርብቃ ትሄድ እንደሆነ በቤተሰቧ ተጠይቃ በራሷ አፍ መልሳለች (ዘፍ 24፥57-58)። አቢግያ ፈጥና ወጥታ በጥበብ ንግግሯ ዳዊትን ደም ከማፍሰስ መልሳዋለች (1ሳሙ 25)። መገዛት ማለት ዲዳ መሆን ይመስለን የነበርን እህቶች አለን። ዝምታዬ ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ቂም ነበር። ሐዋርያው እውነትን እንድንነጋገር፣ በቁጣችንም ላይ ፀሐይ እንዳይጠልቅ ያዘዘው ለባሎች ብቻ አይደለም (ኤፌ 4፥25-26)።

ሦስተኛ፣ “ፍቅር ቀስ ብሎ ይመጣል” የሚለውን በጥንቃቄ እንያዘው። ለማርቲ የመሄድ በር ክፍት ነበር፤ ማንም እጁን አላነሣባትም። ርብቃም ተጠይቃለች። ሳትፈልግ የምትዳርን ልጅ ወይም የምትደበደብን ሚስት “ታገሺ፣ ፍቅሩ ይመጣል” ብለን በዚህ ታሪክ አናስራት። ለእንዲህ ዓይነቷ እህት የሚያስፈልጋት መጠለያና የሚቆምላት ሰው ነው።

ባሎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል። ሚስትህ በመጽሐፍ ላይ ስታለቅስ ብታያት መጽሐፉን አትንጠቃት። አንብበው። ልትነግርህ ያቃታት ነገር እዚያ ውስጥ ተጽፎ ይሆናል።

ይህን ስጽፍ ጌታ ሌላ ልጅ ገና አልሰጠንም። ቤታችን ግን ዝም ያለ ቤት አይደለም። በቡና ወቅት ባለቤቴ ሌሊት ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ አጠገቤ ይቀመጣል። “ደህና ነሽ?” ይለኛል። “ይመስገን” ከማለቴ በፊት አሁን ትንሽ አስባለሁ። ደህና ካልሆንኩ “ደህና አይደለሁም” እለዋለሁ፤ እርሱም ሻማውን አያጠፋም። ሁለተኛውን መጽሐፍም ጀምረናል። እርሱ ያነባል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሴትዮዋ ስትቆጣ ቀና ብሎ ያየኛል።

የዝምታን ግንብ የሚያፈርስ ጌታ የእናንተንም ጎጆ ይጎብኝ። አሜን።