እራፊ ፍለጋ ወደ ሮብ ገበያ

የእናቴ ጋቢ የሳሳው መሐሉ ላይ፣ ዘወትር በሚታጠፍበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ክሩ ተመነመነ፣ ቀጥሎ ወንፊት መሰለ፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ ከእጥበት ሲመለስ እጄ አለፈበት። ልጄ «እማዬ፣ ይሄ እኮ መወልወያ ሆኗል» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አያቷን የምታውቃቸው በፎቶ ብቻ ነው። እኔ ግን መጣል አልቻልኩም። ፈትሉን የፈተሉት የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ሮብ ገበያ ይኖራሉ። በ2011 ዓ.ም. የጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ ጋቢውን በፌስታል፣ ልጄን በልመና ይዤ ወደ ጎጃም ተነሣሁ።

በቦርሳዬ ረጅም መርፌና ወፈር ያለ ነጭ ክርም ነበር። ከዓመት በፊት ግቢያችን ውስጥ አንዲት ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪዋን ስትሰፋ አገኘኋት። ቀዳዳውን ልትደብቀው አልሞከረችም። ከሥሩ ሰማያዊ ጨርቅ አድርጋ፣ ከላይ በነጭ ክር የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ስፌቶች ትደረድርበታለች። «ሳሺኮ ይባላል» አለችኝ፤ ትንንሽ መውጋት እንደ ማለት ነው። አስተምሪኝ አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ ተማርኩ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ መርፌ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ጣጣው ልኩ ላይ ነው። መርፌው ከጨርቁ ሳይወጣ ብዙ ስፌት ይለቅማል፤ ጨርቁም እላዩ ላይ ይጨማደድበታል። ክሩ ከተሳበ በኋላ ጨርቁን በጣት እየዳበሱ ማቃናት ግድ ነው። ክሩን ካጠበቁት ጨርቁ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በየመታጠፊያው ትንሽ ላላ ይደረጋል። እራፊው ከቀዳዳው በብዙ መብለጥ አለበት። ስፌቱም የሚጀመረው ከደህናው ጨርቅ ነው፤ ከሳሳው ዳር የጀመረ ሰው ቀዳዳውን በገዛ ክሩ ያሰፋዋል። ለሕፃናት ልብስ ከሚመርጧቸው ንድፎች አንዱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ የቃጫ ተክል ቅጠል ነው፤ ልጁም እንደዚያው ቀጥ ብሎ እንዲያድግ። እናት የትም እናት ናት።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ሹራብ ደርበን የነበርን ሰዎች ዓባይ በረሃ ስንወርድ ልብሳችንን እያወለቅን ተሳሳቅን። ከሥር ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። በኬብል የተወጠረው አዲሱ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ነው። ይህንን ስነግራት ልጄ «እዚህም ጃፓን?» ብላ ዐይኗን አንከባለለች። እኔም አጋጣሚውን ሳላሳልፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይን ነገር አነሣሁባት፤ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዘመን ርካሹ የጃፓን ጥጥ ጨርቅ የእኛን ገበያ ሞልቶት ነበር። አያቶቻችን ሲጥፉት የኖሩት አቡጀዲ ጃፓን የተሸመነ ሊሆን ይችላል። ይህን ስል ልጄ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ መልሳ ነበር።

ደብረ ማርቆስ አደርን። በማግስቱ ማክሰኞ በሚኒባስ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ወጣን። ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ከ4 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጮቄ ቁልቁል ያያታል፤ ብርዱንም የሚልክላት እርሱ ነው። በዚያ ወቅት ገብሱ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ያስመስለዋል። ገብስና ድንች የሞላበት አገር ነው፤ ጥጥ ግን አይበቅልበትም። ጥጥ ከቆላ ነው የሚመጣ። ብርዱ እጅግ፣ ጨርቁ ደግሞ ውድ።

ያቺ ጃፓናዊት ስለ አገሯ ሰሜን የነገረችኝም ይህንኑ ነበር። በበረዷማው ቶሆኩ ጥጥ አይበቅልም፤ ገበሬው የሚለብሰው ከቃጫ ተክል የተሸመነ ሸካራ ጨርቅ ነበር። ጹጋሩ በሚባለው ግዛት ጭራሽ ገበሬ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ በገዢዎች ተከልክሎ ነበር። ሴቶቹ ምን አደረጉ? የጥጥ ክር ፈልገው በሸካራው ጨርቅ ላይ ጥቅጥቅ አድርገው ሰፉበት፤ ንፋስ እንዳያልፍ። ልብሱ ሲያልቅ እራፊ፣ እራፊው ሲያልቅ ሌላ እራፊ። በእራፊ ላይ እራፊ የተደረበውን «ቦሮ» ይሉታል። በእኛ ድሪቶ ነው።

እትዬ በር ላይ ተቀበሉን። ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅና በመዳሰስ ነው። እኔን ስመው ወደ ልጄ ዞሩና ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ዳበሷት። እጃቸው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጂንሷ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ የተቦጨቀ ነው።

«ምነው ልጄ፣ አዲስ አበባ መርፌ ጠፋ?»

«አይ እትዬ፣ ፋሽን ነው። ሲሸጥም ተቀዶ ነው።»

«ተቀዶ? ስንት ይላሉ?»

ልጄ ዋጋውን ነገረቻቸው። እትዬ በስመ አብ ብለው አማተቡ፤ ከዚያም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በማግስቱ ረቡዕ ገበያው ነው፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ቀን። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይወርዳሉ። ሴቶች ድንች በጆንያ ተሸክመው፣ የጆንያውን አፍ በወስፌ ሰፍተው ይመጣሉ። የሰልባጅ ሻጮች ቦንዳቸውን ፈተው መሬት ላይ ከምረዋል፤ የማን አገር ሰው እንደለበሰው የማይታወቅ ካፖርት ይሸጣል። ከዚያ አለፍ ብሎ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ልብስ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን እየረገጡ ይጥፋሉ። ብረት አግሎ የተሰነጠቀ ኮንጎ ጫማ የሚያጣብቅ ጎረምሳ ፊት ልጄ ረጅም ጊዜ ቆመች። «እማዬ፣ እዚህ የሚጣል ነገር የለም እንዴ?» አለችኝ። እኔ በእርሷ ዕድሜ ሳለሁ ከእንዲህ ያለው ገበያ ስሸሽ እንደነበር አልነገርኳትም።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ሙያዬን አሳየኋቸው፤ በሳሺኮ የሰፋሁትን ሰማያዊ የገበታ ጨርቅ። ተቀብለው ወዲያው ገለበጡትና ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ስፌት በጀርባው ነው የሚታወቅ» አሉ። «ደህና ነው። ክሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነው፤ ጨርቁ ሰማያዊ።»

«ምነው ታዲያ? ሰው እንዲያይ?»

«አዎ እትዬ። ለእነርሱ ጌጥ ነው።»

ዝም አሉ። ቆይተው «እኛ ሰው እንዳያይብን ስንጣጣር ኖርን» አሉ። «ሁለት ቀሚስ ቢኖረኝ ኖሮ አንዱን አልጥፍም ነበር። ድሪቶ ጌጥ አይደለም ልጄ፤ ብርድ ነው።»

ምን ልመልስ? ለነገሩ ጃፓኖቹም ቢሆኑ ቦሮውን ያፈሩበት ነበር፤ የድህነት ዘመን ማስታወሻ ነው እያሉ ሲጥሉት ነው ቹዛቡሮ ታናካ የሚባል ሰው በአኦሞሪ መንደሮች እየዞረ የሰበሰበው። በኋላ ቶኪዮ ሙዚየም ውስጥ ተሰቀለ። የሰፉት ሴቶች አብዛኞቹ ይህን አላዩም። ከዚያን ቀን ወዲህ «ውበት» የሚለውን ቃል ስለ ድሪቶ ስናገር ምላሴ ይይዘኛል።

ጋቢውን አወጣሁ። እትዬ ፈትላቸውን በመዳሰስ ለዩት። ከአንድ ቀን በፊት በእንዶድ አጥበነው ስለነበር ለስልሷል። እራፊ የሚሆን አዲስ ጨርቅ ከገበያ ገዝቼ ነበር፤ እትዬ በክንዳቸው ገፋ አደረጉት። «ወንጌሉም ይህንኑ ይላል፤ አሮጌ በአዲስ አይጣፍም። አዲሱ ሲታጠብ ይሰበሰብና ያንን ይቀደዋል።» ከሳጥናቸው ያረጀ ነጠላ አስወጡኝ። ጋቢ አራት እጥፍ አይደል? የነጠላውን ቁራጭ ከእጥፉ መሐል አሾለክን። ክሩንም እኔ ያመጣሁትን አልፈለጉትም፤ ከጋቢው ከራሱ ጫፍ ማግ እየመዘዝን፣ በጣት እያከረርን ሰፋንበት።

ስፌቱ ያው የእኔው ስፌት ነበር፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ልዩነቱ ሳሺኮ ረጅሙን ከላይ፣ አጭሩን ከሥር ያደርጋል። እትዬ ግን ረጅሙን በእጥፉ ውስጥ ቀብረው ላይ የሚያወጡት እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ነጥብ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አስፈቱኝ። በሦስተኛው ዳበሱና ሳይናገሩ መለሱልኝ።

እየሰፋን ሳለ «እናትሽ ከእኔ ትበልጥ ነበር» አሉ። «ያንቺን ዩኒፎርም የጣፈችው ትዝ ይልሻል?»

እንዴት አይለኝ! አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ደብረ ማርቆስ። የካኪ ቀሚሴ ከኋላው ተጥፎ ነበርና ልጆች «ባለ መስኮቷ» አሉኝ። ቤት ገብቼ እራፊውን በጥርሴ ቀድጄ አወጣሁት። እናቴ ምንም አላለችኝም። ሌሊቱን በኩራዝ መልሳ ሰፋችው። ጠዋት ላይ ለብሼው ወጣሁ፤ ይቅርታም ሳልጠይቃት ዓመታት አለፉ፣ እርሷም አለፈች።

«እራፊውን ከምን እንደቆረጠችው ታውቂያለሽ?» አሉ እትዬ።

አላውቅም።

«ካባትሽ ካኪ ኮት። ከውስጥ፣ ከጫፉ እጥፋት። እራፊ ከማይታይ ቦታ ነው የሚቆረጥ። አባትሽ ኮቱ አጠረብኝ ሲል እርሷ ዝናብ ነው ያሳጠረው ትለው ነበር።»

ይህን ብለው ሳቁ። እኔ መርፌውን አስቀምጬ ውኃ ልጠጣ ገባሁ።

ማታ ልንተኛ ስንል እትዬ «ሦስት መርፌ ክር አስገቢልኝና ትራሴ ላይ ሰክተሽልኝ ተኚ» አሉኝ። ዐይናቸው ክር ማስገባት ነው ያቃተው፤ መስፋት አላቃተውም። ምን ሊሰፉ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ጠዋት በልጄ ጩኸት ነቃሁ። ጂንሷን ይዛ መሐል ቤት ቆማለች። ሁለቱም ጉልበት ተጥፏል፤ ከእትዬ አሮጌ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ በተቆረጠ ጨርቅ፣ ከውስጥ በኩል፣ ዐይን በማይለየው ስፌት። እትዬ ምድጃው ጋ ቁጭ ብለው ገብስ ይቆላሉ፤ ፊታቸው ላይ ሥራውን የጨረሰ ሰው እርካታ ይታያል። «አሁን አይበርድሽም» አሏት።

ልጄ እኔን አየችኝ። ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ የንዴት ነው። እኔ ጥርሴ መሐል የካኪ ክር ጣዕም መጣብኝ። ሁለቱንም ልገላግል ፈልጌ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልጄ ጥቂት ቆማ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ አልነበረም። ሱሪውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሌላ ሱሪ ነው አዲስ አበባ የገባችው።

ጋቢው አሁን አልጋዬ ላይ ነው። የተጣፈው ቦታ ከሌላው ይልቅ ይሞቃል። ልጄ ጂንሱን ለሁለት ሳምንት አልነካችውም። አንድ ቅዳሜ ክፍሏ ስገባ አልጋዋ ላይ ምላጭ አየሁ። የቀኙ ጉልበት እራፊ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። የግራው ግን እንዳለ ነው። ከላዩ ላይ፣ በእኔው ነጭ ክር፣ ልኩ ያልተስተካከለ ሁለት መስመር ስፌት ተጀምሮበታል። ክሩን አጥብቃ ስባው ጨርቁ ተሰብስቧል።

«ላላ አድርጊው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ ቀና ብላ ሳታየኝ።