ሌሊቱን የሚያሳድሩን ሰዎች

ድንገተኛ ክፍል ሌሊት የሚሠራው በሐኪምና በነርስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ አንድ ሌሊት ሐይቅ ሆስፒታል መጥቶ ዱቲ ይደር። እኛ ትእዛዝ እንጽፋለን፣ መርፌ እንወጋለን። በሽተኛውን ከገደሉ አፋፍ ተሸክሞ የሚያወርደው፣ ናሙና ይዞ ላብራቶሪ የሚሮጠው፣ ለራጅ አንሥቶ የሚያስተኛው፣ ደሴ ሪፈር ሲባል ጋቢውን ደርቦ አምቡላንስ ላይ የሚወጣው ግን ደመወዝ የለውም። እሱ ቅሬው ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለው መሆኑ ነው። የተቋቋመው ለቀብር ቢሆንም መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሰው ሲታመምም ጥሪ ይደረጋል፤ ያልመጣ ይቀጣል።

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ አምባሰልን የሚያየው ከመኪና መስኮት ነው። ውጫሌንም አገር የሚያውቃት በ1881ዱ ውል ነው፤ እኔ ግን ውጫሌ የምትታወሰኝ "አምቡላንሱ የት ደረሰ?" ብዬ ስደውል ነው። ከተራራው ወገብ የሚኖር ሰው አስፋልት ለመድረስ ብቻ ሰዓታት በቃሬዛ ይወርዳል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። ያንን መንገድ በጨለማ፣ በዝናብ፣ ትከሻ ላይ ሰው ይዞ ያስበው። በ2014ቱ ጦርነት በአካባቢያችን ጤና ተቋማት ሲዘረፉና አምቡላንስ ሲወሰድ ሳይወሰድ የቀረው ያ ቃሬዛ ነው።

ባለፈው ክረምት ከተሁለደሬ ገጠር አንድ ወጣት አመጡልኝ። የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀምጦ ኖሮ፣ ከእርሻ ሲገባ ውኃ መስሎት ተጎንጭቷል። ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፣ ላቡ ልብሱን አርሶታል፣ የዐይኑ ብሌን ጠብባ ልትጠፋ ደርሳለች። ደረቱን ሳዳምጥ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። ሽታውን የሚያውቅ ሐኪም ሌላ ምርመራ አይጠብቅም።

መጀመሪያ ልብሱ መገፈፍ፣ ገላው በሳሙና መታጠብ አለበት፤ መርዙ በቆዳም ይገባልና። ለአራት የቅሬው ጎልማሶች ጓንት ሰጠኋቸው። ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን፤ አጥበው አገላብጠው አደረቁት። (ይህን የምጽፈው የወሎን መቻቻል ለማወደስ አይደለም፤ እሱን ዘፋኞቻችን ይዘውታል። እጅ ስላነሰን ነው።) ከዚያ አትሮፒን ተጀመረ። 2 ሚሊግራም ትሰጣለህ፣ 5 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ደረቱ ካልደረቀ እጥፍ ታደርጋለህ፤ አሁንም ካልደረቀ የእጥፉን እጥፍ። የብሌኑ መስፋት እንዳያታልልህ፣ የልቡ መፍጠንም እንዳያስደነግጥህ፤ የምትጠብቀው የሳንባውን መጥራት ነው። አንዷ አምፑል የምትይዘው 1 ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ ነርሷ የአምፑል አንገት ስትሰብር ታመሻለች። እናቱ ጥግ ይዛ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች። የቅሬው ሽማግሌ "አብሽሪ፣ ዶክተሩ ይዞታል" ይሏታል። ገና እንዳልያዝኩት የማውቀው እኔ ነኝ።

ወረቀት ሲጠየቅ እኚሁ ሽማግሌ ከወገባቸው በፌስታል የተጠቀለለ የጤና መድህን ደብተር አወጡ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። ሳይታመሙ መክፈል ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ለቅሬው ሳይሞት ሲከፍል ኖሯል።

በዚያው ሌሊት ትራፊክ ፖሊሶች አንድ ረዳት ይዘው መጡ። ከሲኖ ትራክ ላይ ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል። ስልኩ ተከስክሷል፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ ሰው የለውም። እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን በሽተኛ ነው። የተሰበረ ጭን ውስጥ ከሊትር በላይ ደም ሊጠራቀም ይችላል፤ የደም ባንኩም የአጥንት ሐኪሙም ያሉት ደሴ ነው። ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ግን ማን አብሮት ይሂድ? ነርሷን ብልካት አትሮፒኑን ማን ይሰጣል?

ሽማግሌው አልጋውን አዩና "ይሄኛውስ የማን ነው?" አሉኝ።

"የማንም አይደለም አባቴ።"

"እንግዲያ አንሡት" አሉ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው። ለራጅ ወሰዱት፣ መለሱት፣ ስፕሊንት ሳስር እግሩን ይዘው ቆሙ። ደሴ ድረስም ሁለት ሰው መደቡለት።

ይህ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው፤ እኔን ግን ያናድደኛል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚባለው ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ባለሙያ ሲቆጠር ሐኪም ስንት፣ ነርስ ስንት እንባላለን፤ "አስታማሚ ስንት?" የሚል የሪፖርት ቅጽ ሞልቼ አላውቅም። ሥራው ግን እነሱ እንዳሉ ታስቦ የተደለደለ ነው። ነፃ ጉልበት ነው እንዳትሉኝ፤ አሥር ገበሬ ሆስፒታል ካደረ በማግሥቱ አሥር ጥማድ በሬ ሳይጠመድ ይውላል። ረዳቱ ቅሬ በሌለበት ሌሊት መጥቶ ቢሆንስ? ለሌሊት ሁለት ተሸካሚ በደመወዝ መቅጠር የሚከብድ ነገር አይደለም። ችግሩ ማሽን ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፤ ተሸካሚ ሲቀጠር ማን መጥቶ ሪባን ይቆርጣል?

ሊነጋጋ ሲል የወጣቱ ደረት ጠራ። እፎይ ብዬ ሳልቀመጥ የቅሬው ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ መጣ። እኩለ ሌሊት ላይ ሹልክ ብለው የሄዱ ሁለት ሰዎች ስላሉ ይቀጣሉ፤ ስለዚህ ያደሩት ማደራቸውን ጻፍልን አለኝ። "በማኅተም" ሲል አከለበት። ማኅተም ያለበት ቢሮ የሚከፈተው 2 ሰዓት ላይ ነው ብዬ ነገርኩት። ግድ የለም ብለው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ።

1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሹልኮቹ አንዱ ቂጣና በፔርሙዝ ሻይ ይዞ ተመለሰ። ጸሐፊው ሻዩን ተቀብሎ ጠጣለት፤ ስሙን ግን ከቅጣቱ ዝርዝር አልሰረዘም።