የፈረስ ስማቸው ብቻ የቀረ ሰው

ሰባት ቤት ቁጠር ስባል አምስተኛው ላይ እቆማለሁ። እኚህ ሰው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምተዋል ይባላል። አስኮ ያሉት አክስቴ ግን የሚያውቁት የፈረስ ስማቸውን ብቻ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ብትል አገር ያውቃቸዋል፤ የኔው ሰውዬ ባለሥልጣን አልነበሩማ! ፍትሐታቸው ደግሞ በክርስትና ስም ነው የተደረሰው። የዓለም ስማቸውን የሚነግረኝ ጠፋ። እኛ እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም የለን፤ ወመዘክር ገብቼ መዝገብ ባገላብጥስ ማን ብዬ ልፈልግ?

ትናንት አክስቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ፣ ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት፣ «በርስት ተሟግተው ዙፋን ችሎት ደርሰዋል እኮ» አሉኝ። ሙግት ካለማ ስም ከነአባት ይጻፋል። ከሳሽም ይሁኑ ተከሳሽ ግድ የለኝም።