ሰብለ መንገድ ላይ ምን በላች?

እኛ ጁባ አጠገብ ጎሮም ያለነው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ዛሬ ስለ ራሽን አናወራም፤ ሰሞኑን ስላነበብናቸው ልቦለዶች ትንሽ እናጫውታችሁ ብለን ነው። ሃያሲ አይደለንም። ዝናብ ሲጥል አንድ ቤት ተሰብስበን፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ የምናዳምጥ ሰዎች ነን። ያሉን መጻሕፍት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሽፋን የለውም፣ የሌላው መጨረሻ ተገንጥሏል።

መጨረሻው የተገነጠለው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ በ1975 ዓ.ም. የታተመው። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ስለ ጋዜጠኛው ፀጋዬና ስለ አስመራዋ ፊያሜታ ይተርካል። ወጣቶቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድ በጣም ወደዱት። በዚያ ዘመቻ የነበሩ አንድ አባት ግን አንድ ማታ «በቃ፣ ዝጉት» ብለው ወጡ። በማግስቱ ራሳቸው መጥተው «ቀጥሉ» አሉን። ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቦ፣ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ። የጠፋ ሰው መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ሁለተኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ «ኧረ ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?» ያልን ነበርን። ጉዱ ካሣ ሲናገር ግን ሁሉም ጸጥ ይላል።

አማርኛ የማይሰሙ አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ሆኖ በአኙዋክኛ ይነግራቸዋል። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስትነሳ፣ እኛ ስለ ፍቅሯ እየተከራከርን ሳለ እሳቸው አቋረጡን። «ስንቅ ምን ያዘች? ወንዙን ማን አሻገራት? ሌሊት የት አደረች?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ከዚያ አንዷ እህት እሷ ስትመጣ የያዘችውን ተናገረች፤ አንድ ጆግ፣ ትንሽ የበቆሎ ዱቄት፣ የልጇ ክትባት ካርድ። ሌላዋም ቀጠለች። የማያወሩት ሁሉ አወሩ። በዚያ ማታ መጽሐፉ ሳይነበብ አደረ።

ድሮ ልቦለድ የሥራ ፈት ነገር ነው የምንል ነበርን። አሁን ግን አንልም። ስለ ራሳችን መንገድ ለመነጋገር አፋችንን ያስከፈተን የሰብለ መንገድ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ከእናንተ መካከል የ«ኦሮማይ» መጨረሻ ገጾች ያሉት ሰው ካለ በመንገደኛ ይላክልን። እኚያ እናት ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመጀመሪያው ይደገም ብለዋል። እኛም እሺ ብለናል፤ ዝናቡ ገና ነው።