በርበሬው የታለ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡታጅራ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። “አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል? ለበርበሬያችን ድረ ገጽ ሥራልን” አለኝ። ከእናቱ ጋር የማረቆ በርበሬ ይነግዳሉ። ከሽያጩ ቀንሶ ቀብድ ላከልኝ።

እናላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ስጠበብ ከረምኩ። ገጹ ሲከፈት ዘቢዳር ተራራ ጉም ለብሶ ብቅ ይላል። ቀጥሎ የጢያ ትክል ድንጋይ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሩ ሳይቀር ተጽፏል። “ራእያችን”፣ “ተልእኳችን”... ሁሉም በእንግሊዝኛ! ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሰበብ እንኳ አልነበረኝም። ለማን ነበር የጻፍኩት? እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞቼ። እንዲያደንቁኝ።

የአክስቴ ልጅ በስልኩ ከፈተው። ኔትወርኩ እየተጎተተ ተራራው ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ቡናው ቀዘቀዘ። “ጥሩ ነው” አለ። ጨዋ ሰው ነው። ቆይቶ ግን አላስቻለውም፦ “በርበሬው የታለ?”

በዚያ ዓመት በድረ ገጹ አንድ ኪሎ አልተሸጠም። ይባስ ብሎ፣ ከእነሱ በጆንያ የሚገዛ አንድ ደላላ የዛላውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ፣ ከሥሩ ዋጋና ስልክ ቁጥር ጽፎ፣ ያንኑ በርበሬ ለአዲስ አበባ እመቤቶች ቸበቸበው። ሁለት መስመር! የእኔ ራእይና ተልእኮ ስንት ገጽ ነበር?

ቀብዱን ልመልስ ቡታጅራ ወረድኩ። “ብሩን ተወው፤ ይልቅ ገበያ ሄደህ እናቴ ስትሸጥ እያት” አለኝ።

ሄጄ ከጆንያዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት መጣች። አክስቴ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት አንድ ዛላ ሰንጥቀው ውስጡን አሳዩዋት፤ አሸተቷት። ሴትየዋ የፈራችው ሻጋታና ባዕድ ነገር ነዋ! ቀጥሎ የመርካቶ ነጋዴ መጣ። ለእሱ አንድም ዛላ አልተሰነጠቀም፤ ስንት ኩንታል፣ በየትኛው መኪና፣ ብሩ መቼ፣ አለቀ። ከአሜሪካ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ጎልማሳ ሲደርስ ደግሞ ስለ በርበሬ ጭራሽ አልተነሣም። እናቱ እንዴት እንደሆነች፣ ማን እንደሚያስፈጭላት፣ ማን ቤቷ ድረስ እንደሚያደርስላት ነው የጠየቁት። ጆንያው ግን ያው አንድ ጆንያ ነው።

ተመለስኩና አፈረስኩት። ተራራውም ድንጋዩም ወጡ። መጀመሪያ የሚታየው የተሰነጠቀ ዛላ ሆነ፤ ከሥሩ የዕለቱ ዋጋና ስልክ ቁጥር፣ በአማርኛ። የጅምላ ነጋዴው ኩንታሉንና የጭነቱን ነገር በአንድ ንክኪ ያገኛል። ውጭ ላለው ልጅ “እርስዎ እዚያ ይክፈሉ፣ እኛ እናትዎ ቤት እናደርሳለን” የሚል ለብቻው ገጽ አለው። እንግሊዝኛውን ለውጭ አስመጪ አስቤው ነበር። አስመጪ ግን የሚጠይቀው የአፍላቶክሲን ምርመራ ወረቀት ነው፤ እነሱ ደግሞ ገና አላስመረመሩም። ስለዚህ አልከፈትኩትም። (የአክስቴ ልጅ ትንሽ ቅር ብሎታል።)

የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዋሽንግተን። አንዲት ሴት ወልቂጤ ላሉ እናቷ አምስት ኪሎ ትፈልጋለች። የአክስቴ ልጅ ዋጋውን ሊነግራት ሲል እናቱ ከመኝታቸው ሆነው ስልኩን ተቀበሉት።

“የማን ልጅ ነሽ?”

ሩብ ሰዓት ያህል ዘመድ ሲቆጥሩ ቆዩ። በርበሬው የተነሣው ልትዘጋ ስትል ነው።