ያልሰማህ ስማ! (የሰርቨር በር ላይ)

ጋይንት ውስጥ የሰው ግቢ ዘው ተብሎ አይገባም። አጥሩ ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ይባላል፤ ውሻው ተይዞ «ይግቡ» እስኪባል ይጠበቃል። ስማዳም እስቴም ወጉ ያው ነው። የእኔ እንጀራ ሰርቨር መጠበቅ ስለሆነ፣ በር ላይ የሚባለው ነገር ያሳስበኛል።

ኡቡንቱን እንደመጣ ከተዋችሁት፣ ማሽኑ ፊት ለቆመ ሰው ገና ሳይገባ ስሪቱን ይነግረዋል። ሲገባ ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ» ይለዋል። ለሌባ ከዚህ በላይ ምን መስተንግዶ አለ?

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። ማስጠንቀቂያውን በተራ የጽሑፍ ፋይል ትጽፋላችሁ። የኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ባነር» የሚለው መስመር ላይ የፋይሉን አድራሻ ትሰጣላችሁ። ስህተት እንደሌለው ፈትሻችሁ አገልግሎቱን ሪሎድ ታደርጋላችሁ። የተከፈተውን መስኮት ሳትዘጉ በሌላ መስኮት ሞክሩት፤ አለዚያ ከገዛ ግቢያችሁ ውጭ ልታድሩ ትችላላችሁ። ባነር ከይለፍ ቃል በፊት ይታያል። ኤምኦቲዲ የሚባለው የዕለቱ መልእክት ግን ከገቡ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሰው ሳሎን ከተቀመጠ በኋላ «ማነህ?» እንደማለት።

ባነር ሌባ ያስቆማል? አያስቆምም። ሌሊቱን ሙሉ የይለፍ ቃል ሲገምቱ የሚያድሩት ፕሮግራሞች ማንበብ ሥራቸው አይደለም። ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው ለገዛ ሰዋችን ነው። ነፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ቢሮ ተቀምጦ፣ በባልደረባው የይለፍ ቃል ገብቶ አንዲት ነገር አይቶ ሊወጣ ለሚያስብ፣ ይህም ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3፣ ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ሆን ብሎ የገባን ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ሊያስቀጣው ይችላል። የድርጅት ሲስተም ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ማስጠንቀቂያውን ያነበበ ሰው «አላወቅኩም ነበር» ማለት ይቸግረዋል።

ያነበበና የገባው፣ ነው ያልኩት! ብዙው ባነር ከኢንተርኔት የተገለበጠ የእንግሊዝ የሕግ ቋንቋ ነው። ድሮ አዋጅ ሲነገር በገበያ ቀን፣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ «ያልሰማህ ስማ» ተብሎ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ነበር። ቴክኖሎጂው ከለከለን እንዳንል፣ አዋጁ በወጣበት በዚያው በ2008 ዓ.ም. የወጣው ኦፕን ኤስኤስኤች 7.3 ዩኒኮድ ፊደል ባነር ላይ እንዲታይ ፈቅዷል። የምታዩበት መስኮት የግዕዝ ፎንት ካለው አማርኛው ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ታዲያ «ይመዘገባል» ካላችሁ መዝግቡ። ውሻ ሳይኖረው «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ የለጠፈ ሰው እስከ መቼ ይፈራል?

የእኔ ሰርቨር እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሲስተም ፈቃድ ለተሰጣቸው ብቻ ነው። የሚገባና የሚወጣው ሁሉ ይመዘገባል። በሌላ ሰው ስም መግባት በሕግ ያስጠይቃል። ፈቃድ ከሌለዎት እባክዎ እዚህ ላይ ይመለሱ።»