ዓሣ ጎርጓሪ

አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉ፥ ነገርን አብዝቶ መነካካት ጣጣ እንደሚያስከትል ማስጠንቀቃቸው ነው። ምክሩ ለብዙ ጉዳይ የሚበጅ ቢሆንም፥ ዓሣ ለሚያረባ ሰው ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ አግኝተነዋል፤ እርሱን የሚጎዳው መጎርጎሩ ሳይሆን አለመጎርጎሩ ነውና።

በምንኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ በጓሮ ላምና ዶሮ ማርባት የቆየ ልማድ ሲሆን፥ ዓሣ ማርባት ገና አዲስ ነው። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው ኩሬ አስቆፈሩ፤ ላስቲክ አስነጠፉ፤ ለዐቢይ ጾም ገበያ ይደርስልኛል ብለውም የቆሮሶ ጫጩት ገዝተው ጨመሩ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፥ ዓሦቹ ከኩሬው ግድግዳ ጋር ሲተሻሹና ከውኃው ብድግ እያሉ ሲዘሉ ቢያዩ «ጠግበው ነው» ብለው ደስ አላቸው። እኛ አንዱን በመረብ አውጥተን ብናየው ግን፥ ቆዳው ነጭ ጤፍ የተነሰነሰበት መሰለ። «ጋሼ፥ ይህስ ጥጋብ አይደለም፤ የሚያሳክክ ተባይ ይዟቸዋል» አልናቸው።

እያንዳንዱ ነጥብ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተቀብሮ የሚመገብ ተባይ ነው፤ በዚያ ሳለም መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ወደ ኩሬው ወለል ወርዶ በመቶ ለሚቆጠሩ ልጆች ይከፈላል፤ እነርሱም በጥቂት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ያልቃሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው በውኃው ውስጥ ሲዋኙ ብቻ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ሰጥቶ መተው ከንቱ ድካም ነው። ይህ ዑደት በሞቀ ውኃ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ሲፈጸም፥ እንደ ኮልፌ ባለ ብርዳም ደጋ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሕክምናውም በዚያው ልክ ይረዝማል። ቆሮሶም የሙቅ ውኃ ፍጡር ስለ ሆነ ብርዱ ጉልበቱን ይነሣዋል።

የዓሣ ቅማል የሚባልም አለ፤ የምስር ክክ የሚያህል ጠፍጣፋ ተባይ ሲሆን፥ ዓሣውን ወግቶ ደሙን ይመጥጣል። እንቁላሉን የሚጥለው በድንጋይና በእንጨት ላይ ነውና፥ ከዓሣው ላይ ለቅሞ መጣል ብቻውን አያድንም፤ ኩሬውን አፍስሶ ማድረቅ ያሻል።

የጎረቤታችን ዓሦች ከግማሽ በላይ አለቁ። ተባዩ ከጫጩቶቹ ጋር እንደ ገባ አንጠራጠርም፤ በኩሬው ከእነርሱ በፊት ሌላ ዓሣ አልነበረምና። ስለዚህ አዲስ የተገዛ ዓሣ ቢያንስ 3 ሳምንት፥ በብርድ ወራትም ከዚያ በላይ፥ ለብቻው ይቆይ፤ ቆዳውና የሚተነፍስበት ስንጥብ ይመርመር፤ የአንዱ ኩሬ መረብ በሌላው አይነከር። ለሚያጠራጥር ምልክት ሁሉ ደግሞ የሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በኩሬ ዳር ዘንዶውን በጊዜ የሚያወጣ ጎርጓሪ ይመስገን፤ ሳይታይ የቀረ ዘንዶ የሰውን ጡረታ ይበላልና።